የልብስ ሰፊው ጣትና የእህቱ ድስት

አውቶቡስ ውስጥ ማንም አይጋፋትም። እንዲያውም ሰዉ ቀድሞ መንገድ ይለቅላታል፤ አክብሯት እንዳይመስላችሁ፣ ጠረኗን ሽሽት ነው። ፀጉሯ፣ ሹራቧ፣ የእጅ ቦርሳዋ ሳይቀር ሥራሥርና ቅርፊት ሲንተከተክበት ከሚውል ክፍል የያዘውን መራራ ጠረን ተሸክሞ ይመጣል። ታጥባ ታጥባ ተስፋ ቆርጣለች። ሰፈርተኛው «እሬት» የሚል ስም ካወጣላት ዓመታት ሆነዋል። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፋ ነበር፤ ኋላ ተላመደችውና ዛሬ በር አንኳኩታ «ማነው?» ሲሏት ራሷ «እሬት ነኝ» ብላ ትገባለች።

የምትሠራው የቻይና ባህላዊ ሕክምና በሚሰጥበት ቤት ነው። ፊት ለፊት ባንኮኒ አለ፤ ከባንኮኒው ኋላ ግድግዳውን የሞሉ ትንንሽ የእንጨት መሳቢያዎች፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለች የእሷ ክፍል። ባለቤቱ በጉብዝናቸው ጊዜ ቻይና ሄደው ተምረው የመጡ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። እሳቸው የበሽተኛውን የእጅ ትርታ ይዳስሳሉ፣ ምላሱን ያያሉ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ሆዱ ይጠይቁና ያዛሉ። መመዘኑ፣ መዘፍዘፉና መቀቀሉ የእሬት ነው። የሸክላ ድስቶቿን ጥዳ መጀመሪያ እሳቱን ታነድባቸዋለች፣ ቀጥላ ታበርድላቸዋለች፤ አንደኛውን ውሃ ታጠላለች፣ ሌላ ውሃ ጨምራ ዳግም ታፈላለች፣ ሁለቱን ደባልቃ ጠርሙስ ውስጥ ትገለብጣለች። የትኛው ድስት እንደደረሰ ክዳን ሳትከፍት በጠረኑ ትለያለች። በሥራዋ ማንም አይምጣባት።

በዚያ ቤት ሽማግሌው ያላዩት ሰው መድኃኒት አይወስድም፤ የአንዱ ድስትም ለሌላው አይቀዳም፣ መንታ ወንድማማቾች ቢሆኑ እንኳ። ደግሞ የመጣ ሰው ሁሉ ከሌላ ሐኪም የተሰጠውን ክኒን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ መደርደር አለበት። ይህን የምታስፈጽመው እሬት ናት፤ ፖሊስ አይደርስባትም። «ሌላ የምወስደው የለም» የሚል ደንበኛ ሲገጥማት «እስቲ ያቺ ኪስዎ ውስጥ የምትንኳኳዋ ምንድናት?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ስንቱን አዛውንት የደም ግፊት ክኒኑን አስወጥታዋለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት ለገዛ ወንድሟ ሲሆን ያን ሁሉ ደንብ አጣጥፋ ያስቀመጠችው።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር፤ እሬት እናትም አባትም ሆና አሳደገችው። ለጋብቻ የጠየቋትን «እሱን ላድርስ» እያለች ስትመልስ፣ እሱ ሲደርስ እሷን አለፋት። እሱም የሙሽራ ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ዕድሜውን ፈጀ እንጂ የራሱን ሳይሰፋ ቀረ። ከሱቁ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። እሷ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፣ የሚበላ ታቀርብለታለች፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን ትጠርጋለች፣ ስላላገባ ትቆጣዋለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። «እትዬ፣ አንቺም እኮ አላገባሽም» ሲላት «የኔን ተወው» ትለዋለች።

የቀኝ እጁ መሐል ጣት ጫፏ ያበጠች ጊዜ ሁለቱም አልደነገጡም። ልብስ ሰፊ ጣቱን ካልወጋ ምኑን ልብስ ሰፊ ሆነ? ወፍራም የኮት ጨርቅ ላይ መርፌውን የሚገፋው በዚያች ጣት ነው፤ ሌሎች ሰፊዎች ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን የብረት ቆብ ደግሞ «እጄን ታደነቁረዋለች» ብሎ አይወዳትም። «መርፌ ነው» አለ። «መርፌ ነው» አለች። ጤና ጣቢያ ሄዶም «መርፌ ወግቶኝ ነው» ሲል በጥተው አዩለት፤ ከደም በቀር መግል አልወጣም። የሚዋጥ ተሰጠው፤ ዋጠ። ጣቲቱ ግን ቀልታ፣ አብጣ፣ ጥፍሯን ወደ ላይ ገፍታ ቁጭ አለች። ትጠዘጥዛለች፣ አታስተኛም። በመጨረሻ ራጅ ሲነሳ የጣቱ ጫፍ አጥንት የለም። ተበልቶ አልቋል።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩት። እዚያ የተቀበለችው ሐኪም ወጣት ናት፤ ጥናቷም ካንሰር ባልተለመደ የሰውነት ክፍል ላይ ሲሰራጭ ምን እንደሚመስልና በምን እንደሚገታ ነው። ከጣቱ ናሙና ወስዳ አስመረመረችና አስቀምጣ ነገረችው።

«በሽታው የጀመረው ጣትዎ ላይ አይደለም፤ ኩላሊትዎ ላይ ነው። ሳይሰማዎት ቆይቶ በደም ተጉዞ እዚህ አርፏል። የኩላሊት ካንሰር ወደ ሳንባ ወይም ወደ ትልልቅ አጥንቶች ሲሄድ ብዙ ጊዜ እናያለን። የጣት ጫፍ ላይ ግን እጅግ ብርቅ ነው።»

አብራው የነበረችው እሬት ከዚያች ቃል ወዲያ ጆሮዋ አልሰማም። «ብርቅ?» አለች። «ብርቁስ ወንድሜ ነው!»

ከዚያ በኋላ ሐኪም በሐኪም ላይ እየመጣ ጣቲቱን ጎበኛት። ከላይ ከታች ፎቶ ተነሳች። ወንድሟ ቀልድ አያልቅበትም፤ «እኔ ዕድሜ ልኬን ስሰፋ ማንም ፎቶ አላነሳኝም፤ ይቺ ሥራ ፈታ ታወቀች» ብሎ ነርሶቹን አሳቃቸው። እሬት አልሳቀችም። ሐኪሟን ቀና ብላ እያየች «ይቺ ልጅ ወንድሜን ነው የምታየው ጣቱን?» ትላለች በሆዷ።

ሐኪሟ ለጥናቷ የምትሰጠው ክኒን ነበራት። ካንሰሩን ያጠፋዋል አላለችም፤ ሊያቆመው ይችላል አለች። ከመስጠቷ በፊት «ሥራሥር፣ ቅጠል፣ የባህል መድኃኒት የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው። «የለም» አለ፤ ያን ዕለት እውነቱን ነበር። «ለመጀመር ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩኝ።» እሬት አጠገቡ ተቀምጣ የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር።

በዚያው ሳምንት ድስቷን ጣደች።

ምን ታድርግ? ሌላ የምታውቀው ሙያ የላትም። ለአገሩ ሰው ሁሉ ስትቀቅል ኖራ ለወንድሟ ሲሆን እጇን አጣጥፋ ልትቀመጥ? ከደንበኞቻቸው መሐል ካንሰር የያዛት አንዲት መምህርት ነበረች፤ ከስታ፣ ገርጥታ፣ በሰው ተደግፋ የመጣችው ሴትዮ ኋላ ፊቷ ጠርቶ፣ ሰውነቷ ሞልቶ፣ አበባ ይዛ ሽማግሌውን ልታመሰግን ተመልሳለች። የእሷን መድኃኒት ወራት ሙሉ የቀቀለችው እሬት ናት፤ የቱ ሥር፣ የቱ ቅርፊት፣ ምን ያህል እንደሚገባ እጇ ያውቀዋል። ለሽማግሌው ትንፍሽ አላለችም። ብትነግራቸው «አምጪውና ልየው» እንደሚሉ፣ ካዩት ደግሞ «ይሄ የሆስፒታል ነው» እንደሚሉ ታውቃለች። እንደማንኛውም ደንበኛ ገዝታ፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር ቤቷ ውስጥ ቀቀለችው።

«እትዬ፣ ዶክተሯ ንገሩኝ ብላለች እኮ» አላት ወንድሟ፣ ከፔርሙሱ የተቀዳውን ጥቁር ውሃ አሽትቶ ፊቱን እያጨማደደ።

«እሷ ይሄን ምን ታውቃለች? ትከለክልሃለች እንጂ። ዝም ብለህ ጠጣ። እኔን ቅበረኝ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው።

ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ጎደለ፤ ጥዝጣዜው ተወው። አንድ ቀን ስትመጣ መርፌ ይዞ ቁልፍ ሲተክል አገኘችውና በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ሐኪሟም አዲሱን ራጅ ብርሃን ላይ አድርጋ «ክኒኑ እየሠራ ነው!» ስትል ፊቷ በራ። እሬት አጠገቧ ቆማ «የቱ ክኒን» ትላለች በሆዷ። እንዲህ ሆነው ሁለት ሴቶች በአንዲት ጣት ኮሩባት። እውነቱን ለመናገር እሬት በዕድሜዋ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም። አውቶቡስ ላይ ሰው ሲሸሻት እንኳ «ሽሹ፣ ሲያማችሁ ትመጣላችሁ» እያለች ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

ከዚያ ወንድሟን ምግብ እንቢ አለው። ሰውነቱን ያሳክከው ጀመር። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ደሙ ሲታይ ጉበቱ ተጎድቷል። ሐኪሟ ተጨንቃ እንደገና ጠየቀችው፤ «ከክኒኑ ሌላ የወሰዱት ነገር የለም? ምንም?»

«ምንም» አለ፣ ወደ እህቱ ሳያይ።

«እንግዲያው ክኒኑ ነው» አለችና አስቆመችው። ጉበቱ ካገገመ በትንሹ እንደገና ይሞከራል። ካላገገመ ግን ክኒኑ እስከ መጨረሻው ይቀራል፣ ከጥናቱም ይወጣል፤ ለእሱ የሚሆን ሌላ መድኃኒት ደግሞ በእጇ የለም። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ።

እሬት «አላልኩም?» አለች በልቧ። ጣቱን ያዳነችው እሷ፣ ጉበቱን የመረዙት እነሱ! ቤቷ ሄዳ መድኃኒቱን እስኪወፍር አፍልታ፣ ከወትሮው አጠንክራ አመጣችለት። ለጉበቱም ይበጀዋል ብላ ነው። በፍቅር የታወረ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲጎዳም እየደጋገመ ነው።

ክኒኑ ቀረ፤ የእሬት ድስት ብቻውን ቀረ። ጣቲቱም ተመልሳ ማበጥ ጀመረች።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብላ ነበር። ከዚያ ወንድሟ መርፌ መያዝ አቃተው፤ አንድ ኮት ገበሩ ሳይገባለት ስፌት መኪናው ላይ ተጋድሞ ሰነበተ። «ትጠዘጥዛለች?» ስትለው «ትንሽ» ይላል፣ ጥርሱን ነክሶ። የዓይኑ ቢጫ ደግሞ ከቀድሞውም ብሷል። እሬት ፔርሙሷን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። የእሷ መድኃኒት ሳይቋረጥ፣ እንዲያውም ጠንክሮ ሳለ፣ ጣቲቱ ለምን ታብጣለች? ያሻላት የነበረው ሌላ ነገር ካልሆነ በቀር። ጉበቱስ ክኒኑ ከቆመ ወዲያ ለምን ይብስበታል? መቼም ስትቀቅል የኖረች ሴት ናት፤ ድስቱን የሚያፈላው የትኛው እሳት እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ማጥፋት እንደሚበቃ አይጠፋትም። የጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «አባባ፣ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ምን ይሰጠዋል?» አለቻቸው።

«ሰውየው ማነው? አይቼዋለሁ?»

ሚዛኑን መወልወል ጀመረች።

«ሌላስ ምን ይወስዳል?»

ይህን ጥያቄ ስንት ሰው ላይ እየጮኸች ጠይቃለች! ለቅሶዋ ገነፈለ። ከጣቲቱ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የቀቀለችውንም አንድ በአንድ ጠራችላቸው። ሽማግሌው ባንኮኒውን ተደግፈው እስክትጨርስ ሰሟት። አልጮኹባትም፤ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

«ይሄ የመምህርቷ ነው» አሉ። «መምህርቷን ያዳናት እኮ ቀዶ ጥገናው ነው፣ ልጄ። እኔ ዘንድ የመጣችው ዕጢው ከወጣላት በኋላ እህል አልዋጥ ቢላት ነው። ምግብ እንዲበላላት ብዬ የሰጠኋት ነው። እኔ ካንሰር አድናለሁ ብዬ አውቃለሁ?»

«ይሄን አልነገሩኝም!»

«አልጠየቅሽኝም።» ከዚያ መሳቢያዎቹን እየከፈቱ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ በወረቀት ይጠቀልሉ ጀመር። «ተነሺ፣ ሐኪሟ ዘንድ እንሂድ።»

«ከጥናቱ ታስወጣብኛለች፣ አባባ።»

«ዝም ካልሽ ከጥናቱ ብቻ አይደለም የሚወጣብሽ» አሉ ሽማግሌው።

ወንድሟ የዚያን ዕለት ቀጠሮ ነበረው። ሲደርሱ ሐኪሟ ፊት ተቀምጧል፤ እሷም የደም ውጤቱን እያየች «አልተሻለም። እንግዲህ ክኒኑን ለዘለቄታው…» ስትል እሬት ሳታንኳኳ ገባች።

«እኔ ነኝ!»

«እትዬ!» አለ ወንድሟ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ሥራሥር እየቀቀልኩ አጠጣዋለሁ። ክኒኑን ከጀመረ ጀምሮ። ክኒኑ ከቆመም በኋላ አጠንክሬ አጠጥቼዋለሁ።»

ወንድሟ ተፈናጥሮ ተነሳ። «አይስሟት፣ ዶክተር! ሻይ ነው። ሻይዋ ትንሽ ይጠቁራል እንጂ ሻይ ነው። እሷ ሰሞኑን እንቅልፍ የላትም፤ መመርመር ያለባት እሷ ናት!» እንዲህ እያለ በቢጫ ዓይኑ ያፈጥባታል፣ ዝም በዪ ለማለት።

ከኋላዋ የገቡት ሽማግሌ ጥቅሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። «ሻዩ ይኸውልሽ» አሉ።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ስንት ጊዜ ጠየቅኋችሁ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «እኔ እኮ በገዛ ክኒኔ የገደልኩዎት መስሎኝ እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሬት ይህን አልጠበቀችም። ወንድሟን ብርቅ ብላ ፎቶ የምታነሳ ልጅ ለወንድሟ እንቅልፍ ታጣለች ብላ አላሰበችም ነበር። «ይቅር በዪኝ፣ ልጄ» አለቻት፣ እርስዎ ማለቷን ረስታ።

ንዴቷ ሲበርድላት ሐኪሟ ወንበር ስባ ሽማግሌውን አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ፈትተው፣ እሳቸው ምንነቱንና ለምን እንደሚታዘዝ እየነገሯት፣ እሷ እየጠየቀችና እየጻፈች ብዙ ቆዩ። ጉበቱን የጎዳው ሥራሥሩ ብቻውን ይሁን ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ይሁን ገና እንደማታውቅ ሐኪሟ አልደበቀችም፤ ይመረመራል አለች። ለጊዜው ክኒኑም ድስቱም ይቁም፤ ጉበቱ ከተመለሰ ክኒኑ ብቻውን ይጀመራል። ይህን ከጥናቱ አለቆች ጋር ተሟግታ እንደምታስፈቅድ ተናገረች። ካልተመለሰስ የሚለውን ማንም አልጠየቀም።

ወንድምና እህት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለምን ጠጣህልኝ ግን?» አለችው። «አልጠጣም ብትለኝስ?»

«ብልሽስ? ምን ትሰጪኝ ነበር?» አላት። «ዶክተሯ ክኒን አላት። አንቺ ከድስትሽ ሌላ ምን አለሽ? የምትሰጪኝ ነገር ካጣሽ ከኔ በፊት ትሞቺብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ልትሞትብኝ ነበር እኮ፣ አንተ ጅል!»

«ስጠጣልሽ ደስ ይልሽ ነበራ።»

ያበጠችዋን ጣት እንዳትነካ ተጠንቅቃ እጁን ያዘችው። ስታሳድገው አንድም ቀን እንቢ ብሏት የማያውቅ ልጅ ነበር፤ ሰው ሁሉ በዚህ ያመሰግናት ነበር። ምነው እንቢ ማለት ባስተማርኩት ብላ አንጀቷ አረረ።

እነዚያ የመጠበቂያ ሳምንታት አልገፋ አሏት። ጣቲቱ እያበጠች ሄደች፤ ወንድሟ የተቀበለውን ሥራ ለጎረቤት ሰፊ አሳልፎ ሰጠ። እሷ እየመጣች አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። ጉበቱ ካልተመለሰ በገዛ እጄ ገድዬዋለሁ ትላለች ለራሷ፣ ሳትሸፋፍን። ሽማግሌው ከሥራ አባረሯት ይሆን ብላችሁ ከሆነ አላባረሯትም፤ ነገር ግን ሚዛኑን ከእጇ ወስደው ለጊዜው ራሳቸው ይመዝኑ ጀመር። እሬት ከዱላ የባሰ ቅጣት አድርጋ ቆጠረችው።

ከዚያ ቢጫው ከወንድሟ ዓይን እየጠራ መጣ። ራበኝ አለ። የደሙ ውጤት ተስተካከለ። ሐኪሟ ክኒኑን በትንሹ ጀመረችለት፤ ጣቲቱም ቀስ በቀስ ጎደለች። ያለ ድስት ጎደለች። እሬት ደስታዋ ከልቧ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ግን ያማታል። ያዳንኩት እኔ ነኝ ብላ የኮራችው ኩራት ነው የሚያማት፤ ይህም አይፈረድባትም። ወንድሟ ድኗል አይባልም፤ ሐኪሟም አላለችም። ይሰፋል ግን።

አንድ ቀን ሐኪሟ ሁለቱን ጠርታ ታሪኩን ለሌሎች ሐኪሞች ለመጻፍ ፈቃድ ጠየቀቻቸው። ስሙ አይጠራም፤ ጣቲቱ ግን ትጻፋለች፣ ድስቱም ይጻፋል። «ሌላ ቦታ ያለ ሐኪም ደጋግሞ እንዲጠይቅ» አለች፤ «የሚጠየቀውም ሰው ፈርቶ እንዳይደብቅ።» ወንድሟ ወዲያው እሺ አለ።

«ስለኔ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?» አለች እሬት።

ሐኪሟ ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ አዙራ አነበበችላት። «‹አንዲት የቤተሰብ አባል ለሐኪሞቹ ሳትናገር የሥራሥር መድኃኒት ትሰጠው ነበር።›»

«የቤተሰብ አባል ማናት? እህቱ በዪ። ታላቅ እህቱ።»

ሐኪሟ አስተካከለችው።

«ስለምትወደው ነው በዪበት።»

የሐኪሟ ጣቶች ቆሙ። «እሱን እንኳ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ አልጽፈውም» አለች ለስለስ ብላ። «ማስረጃሽ የታለ ይሉኛል።»

«ማስረጃማ አለ» አለ ወንድሟ። «ጉበቴን ያሳዩአቸው።»

እሬት መሳቅ ጀምራ መሐል ላይ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።